ሾፌሩ የቤቱ ጌታ ሲሆን፦ የፕሪንተር ድራይቨር ታሪክ

ሰሞኑን ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አንድ አዛውንት የይግባኝ ማመልከቻቸውን አስጽፈው ታትሞ እስኪሰጣቸው ይጠብቃሉ። ሁለት ገጽ ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ የይግባኙ ቀነ ገደብ ደግሞ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው።

ሱቋ አዲስ ፕሪንተር ገዝታለች። ልጅቷ ገመዱን ሰካች፤ ኮምፒውተሩ አላወቀውም። ከካርቶኑ የወጣውን ሲዲ አነሳች፤ ላፕቶፑ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። ወደ አምራቹ ድረ ገጽ ገባች፤ "ሙሉውን ሶፍትዌር ያውርዱ" አላት። ብዙ መቶ ሜጋባይት ነው። ካርድ ሞልታ ፓኬጅ ገዛችና በስልኳ ዳታ ማውረድ ጀመረች። ወርዶ ሲያልቅ መጫኑ ሌላ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ አካውንት ክፈቺ አላት። ኢሜይልሽን አስገቢ አላት። መረጃ እንድንሰበስብ ፍቀጂ አላት። ከድራይቨሩ ጋር የፎቶ ማሳመሪያ፣ የቀለም መግዣ አቋራጭና ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ የሚነሳ "ረዳት" ተጫነ። ወረቀት ግን አልወጣም።

"አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።"

"እኔስ እታገሥ ነበር ልጄ፤ የማይታገሠው መዝገብ ቤቱ ነው።"

መጨረሻ ላይ ፋይሉን በቴሌግራም ጎረቤት ላለው ሱቅ ላከችው። እዚያ ያለው፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፕሪንተር ሁለቱን ገጽ ወዲያው አውጥቶ ሰጣቸው። አዛውንቱ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩት ደረሱ።

ሁለት ገጽ ጥቁር ፊደል ለማተም ይህ ሁሉ ጓዝ ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው "ፕሮግራም የሚሠሩት ሰዎች ሰንፈው ነው" ብሎ ያልፈዋል። ታሪኩን ወደ ኋላ ስንከተለው ግን የምናገኘው ስንፍናን አይደለም። የምናገኘው የ40 ዓመት ሽግግር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሥራው ከፕሪንተሩ ወደ እኛ ኮምፒውተር መጣ፤ ሥልጣኑ ደግሞ ከእኛ ወደ አምራቹ ሄደ።

እስኪ ከመጀመሪያው እንነሳ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ድራይቨር ምን ይሠራል?

ድራይቨር በቀጥታ ሲተረጎም ሾፌር ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው "ይህን ፊደል በዚህ መጠን እዚህ ቦታ ላይ አስቀምጥ" የሚለውን ነው። ፕሪንተሩ ደግሞ በመጨረሻ የሚያውቀው ነጥብ ብቻ ነው፤ እዚህ ቀለም ይኑር፣ እዚህ አይኑር። በሁለቱ መካከል ሆኖ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚያደርሰው ሾፌሩ ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም። አንድ ኤ4 ወረቀት በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ሲታተም ወደ 35 ሚሊዮን የሚጠጉ ነጥቦች ይኖሩታል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ቢሆን እንኳ ሳይታመቅ ከ4 ሜጋባይት በላይ ነው። እነዚህን ነጥቦች ማን ያስላቸው? ፕሪንተሩ ወይስ ኮምፒውተሩ? የድራይቨር ታሪክ ግማሹ ለዚህች ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ "ሾፌሩ የማን ተቀጣሪ ነው?" የሚለው ነው።

የወረቀት መያዝ ያስነሳው ንቅናቄ

ሁለተኛውን ጥያቄ ቀድሞ ያነሳው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። በ1980 አካባቢ በኤም.አይ.ቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላቦራቶሪ ውስጥ ፕሮግራመር ነበር። ላቦራቶሪው የነበረው የቀድሞ ፕሪንተር ወረቀት እየያዘ ያስቸግራቸዋል። ማሽኑ ያለው ሌላ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ሰው ሥራውን ልኮ፣ ጠብቆ፣ ሄዶ ሲያይ ቆሞ ያገኘዋል። የፕሪንተሩ ሶፍትዌር ኮድ እጃቸው ላይ ስለነበረ ግን መላ አበጁለት። ወረቀት ሲይዝ ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ "ፕሪንተሩ ቆሟል፣ ሂዱና አስተካክሉት" የሚል መልእክት እንዲላክ አደረጉ።

ከዚያ ዜሮክስ ኩባንያ ለላቦራቶሪው አዲስ የሌዘር ፕሪንተር በስጦታ ሰጠ። ፈጣን ነው፣ ጥራቱም ግሩም ነው። እሱም ግን ወረቀት ይይዛል። ስቶልማን ያንኑ መላ ሊያስገባበት ሲል ከማሽኑ ጋር የመጣው ሶፍትዌር ለማሽን ብቻ የሚነበብ ሆኖ አገኘው። የሚያሻሽለው ኮድ የለም። ቆይቶ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ኮዱ ያለው ሰው እንዳለ ሰምቶ ሄዶ ጠየቀው። ሰውየው "ለማንም ላለመስጠት ፈርሜያለሁ" ብሎ መለሰው።

ስቶልማን ይህን ገጠመኝ በተለያዩ መድረኮች ደጋግሞ ተናግሮታል። እንዳለው ከሆነ ያስቆጣው ወረቀቱ መያዙ አልነበረም። ችግሩን መፍታት የሚችል ሰው ፊቱ ላይ ችግሩን እያየ እጁ መታሰሩ ነው። በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት አወጀ። ዛሬ የዓለምን ሰርቨሮች አብዛኛውን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ ያደገው በዚያ ፕሮጀክት መሣሪያዎችና ፈቃድ ላይ ነው። አንድ ፕሪንተር ያን ያህል ታሪክ አለው።

ድራይቨር ነፃ ያወጣን ዘመን

ለድራይቨር ፍትሐዊ እንሁን። ሲጀመር ጠላት አልነበረም።

በ1980ዎቹ በዶስ ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሾፌር ይቀጥር ነበር። ወርድፐርፌክትን የመሰሉ የጽሕፈት ፕሮግራሞች ለበርካታ ፕሪንተሮች የሚሆን ድራይቨር በፍሎፒ ዲስክ ተሸክመው ይመጡ ነበር። የሒሳብ ፕሮግራሙም እንዲሁ የራሱን ይዞ ይመጣል። ፕሪንተር ከቀየርክ ሁሉንም ፕሮግራም አንድ በአንድ ዞረህ ታስተካክላለህ።

የእኛ ፊደል ጣጣ ደግሞ ከዚህ ይብስ ነበር። በዚያ ዘመን በየቢሮው "ጭር ጭር" ሲሉ የነበሩት ባለ መርፌ ፕሪንተሮች በሆዳቸው የያዙት የላቲን ፊደል ነበር። እንግሊዝኛ ለማተም የፊደሉን ቁጥር መላክ ይበቃል፤ ቅርጹን ማሽኑ ራሱ ያውቀዋል። "ሀ" ግን እዚያ ውስጥ የለችም። አማርኛ ለማተም የፈለገ ሰው እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል ቆጥሮ ነጥብ በነጥብ መላክ፣ ወይም ማሽኑ ከፈቀደ የፊደሉን ቅርጽ ወደ ማሽኑ ሜሞሪ ማስገባት ነበረበት። ያውም ለእያንዳንዱ የፕሪንተር ዓይነት በየቋንቋው።

ዊንዶውስ ይህን ሸክም አቃለለው። ፕሮግራሞች ሁሉ ከዊንዶውስ ጋር ብቻ ይነጋገራሉ፤ ዊንዶውስ በአንድ ድራይቨር በኩል ከፕሪንተሩ ጋር ይነጋገራል። በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ትሩታይፕ የተባለውን የፊደል ቴክኖሎጂ አብሮ ይዞ መጣ። በስክሪን ላይ የሚታየው ፊደል የትኛውም ይሁን፣ ወረቀት ላይም እንዳለ ይወጣል። ለግዕዝ ፊደል ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ፕሪንተሩ "ሀ"ን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ሾፌሩ ነጥቡን ያደርስለታል። ዛሬ ማመልከቻ ጸሐፊው ሁሉ በየሱቁ አማርኛ ማተም የቻለው በዚህ መንገድ ነው።

ታዲያ የረዳን ሾፌር መቼ ነው ጌታ የሆነው?

አንድ ሞተር፣ ሁለት ዋጋ

በ1984 ኤች.ፒ ሌዘርጄት የተባለውን ፕሪንተር በ3,495 ዶላር ገበያ ላይ አዋለ። በዓመቱ፣ በ1985፣ አፕል ሌዘርራይተርን በ6,995 ዶላር አወጣ። የሁለቱም የማተሚያ ሞተር የካኖን ነው፤ ያውም አንድ ዓይነት። የዋጋው እጥፍ ልዩነት ከየት መጣ?

ዋናው ነገር ጭንቅላት ነው። ሌዘርራይተር በውስጡ ፖስትስክሪፕት የተባለውን የገጽ ቋንቋ የሚረዳ ሙሉ ኮምፒውተር ነበረው። ቋንቋውን የፈጠሩት ከዜሮክስ የምርምር ማዕከል ወጥተው በ1982 አዶቤን የመሠረቱት ጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ ናቸው። የሌዘርራይተር ፕሮሰሰር በ12 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ ሜሞሪው 1.5 ሜጋባይት ነው። ከጀርባው የሚሰካው ማኪንቶሽ ኮምፒውተር ግን 8 ሜጋኸርዝ ገደማ ፍጥነትና 512 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበረው። አዎ፣ ፕሪንተሩ ከኮምፒውተሩ ይበልጥ ነበር።

ይህ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። በዚያን ጊዜው የ300 ነጥብ ጥራት አንድ ሙሉ ገጽ 1 ሜጋባይት ገደማ ነጥብ ይይዛል። ያን ሁሉ የሚሸከም ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ ስላልነበረ ፕሪንተሩ ላይ መሆን ነበረበት። ከኮምፒውተሩ የሚጠበቀው በጋራ ቋንቋ የተጻፈ አጭር ትእዛዝ መላክ ብቻ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ቀጭን ነበር፤ ፕሪንተሩ ወፍራም።

በ1990ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ። የግል ኮምፒውተሮች ጉልበት አገኙ፤ ሜሞሪም ረከሰ። አምራቾቹም አሰቡ፦ ደንበኛው ቀድሞውኑ ኃይለኛ ኮምፒውተር ካለው፣ ፕሪንተሩ ውስጥ ሌላ ጭንቅላት ለምን እንከታለን? ፕሮሰሰሩን እናሳንሰው፣ ሜሞሪውን እንቀንሰው፣ ነጥብ የማስላቱን ሥራ ለዊንዶውስ እንስጠው። "የዊንዶውስ ፕሪንተር" የሚባሉት ርካሽ ማሽኖች እንዲህ ተወለዱ።

ዋጋው ወረደ፤ ሁላችንም ደስ አለን። ነገር ግን ጭንቅላት የሌለው ፕሪንተር ያለ ሾፌሩ እቃ መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነው። የጋራ ቋንቋ አያውቅም። የሚያውቀው አምራቹ ለዚያ ሞዴል ብቻ የሠራለትን ምልክት ነው። አምራቹ ለአዲሱ ዊንዶውስ ድራይቨር ካልሠራ፣ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ይሞታል። ዓለም ከ32 ቢት ወደ 64 ቢት ዊንዶውስ ሲሸጋገር ይህ በሰፊው ታየ። የድሮው ድራይቨር በአዲሱ ላይ አይሠራም። አምራቹ "ያ ሞዴል አርጅቷል" ካለ፣ ባለቤቱ ደህናውን ማሽን ጥግ አስቀምጦ ሌላ መግዛት ነው። አገር ቤት በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ከተደረደሩት ፕሪንተሮች ስንቱ እንዲህ እንደሞተ የሚያውቀው ንብረት ክፍል ብቻ ነው።

ሾፌሩ ነጋዴ ሆነ

ማሽኑ ሲረክስ ትርፉ ወደ ቀለሙ ሄደ። ፕሪንተሩን በርካሽ ሽጦ ቀለሙን በውድ መሸጥ የታወቀ የንግድ መንገድ ሆነ። በዚህ መንገድ የሚኖር ኩባንያ አንድ ነገር ያስፈራዋል፤ ደንበኛው ቀለሙን ከሌላ መግዛቱ ወይም ያለቀውን ካርትሪጅ ማስሞላቱ።

በ2002 ሌክስማርክ የተባለው የአሜሪካ ፕሪንተር አምራች ስታቲክ ኮንትሮል የተባለ ኩባንያን ከሰሰ። ጥፋቱ? የተሞሉ ካርትሪጆች በሌክስማርክ ማሽን ላይ እንዲሠሩ የሚያስችል ቺፕ መሸጡ። ሌክስማርክ ያቀረበው ክርክር የቅጂ መብት ነበር። በካርትሪጁ ቺፕ ላይ ያለችው ትንሽ የቶነር መለኪያ ፕሮግራም የእኔ ድርሰት ናት አለ። ያቺ ፕሮግራም ስንት ታክላለች? ከ60 ባይት ያነሰች። ይህ አንቀጽ ከእሷ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2004 ለስታቲክ ኮንትሮል ፈረደ። ሌላው የሌክስማርክ ክርክር በፓተንት በኩል እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2017 ፍርድ ቤቱ አንድ ግልጽ ነገር ተናገረ፦ ኩባንያው ዕቃውን ከሸጠ በኋላ ገዢው በዕቃው የሚያደርገውን በፓተንት ሊቆጣጠር አይችልም።

ከዚህ የምንማረው ችግሩ የፋይሉ መጠን ብቻ አለመሆኑን ነው። ብዙ መቶ ሜጋባይት ሶፍትዌር ያበሳጫል፤ 60 ባይት የማትሞላ ፕሮግራም ግን በር ልትዘጋብህ ትችላለች። ጥያቄው ሶፍትዌሩ የሚሠራው ለማን ነው የሚለው ነው።

በፍርድ ቤት የተዘጋው መንገድ በሶፍትዌር ማሻሻያ በኩል ተከፈተ። በሴፕቴምበር 2016 ብዙ የኤች.ፒ ኦፊስጄት ፕሪንተር ባለቤቶች ትናንት ሲሠራ የነበረው የሌላ ድርጅት ካርትሪጅ ዛሬ አልቀበልም ሲላቸው አገኙት። ቀደም ብሎ ወደ ማሽኖቹ የገባ ማሻሻያ ነበር፤ ቀኑን ጠብቆ ነቃ። ኩባንያው ዓላማው ጥራትን፣ ደህንነትንና የፈጠራ መብቱን መጠበቅ ነው አለ። ሰው ሲጮህ በደንብ አላሳወቅንም ብሎ ይቅርታ ጠየቀና ክልከላውን የሚያነሳ ማሻሻያ ለሚፈልግ አቀረበ። አሠራሩን ግን አልተወውም።

ያን "ሙሉ ሶፍትዌር" የሚያሳብጠውም ይኸው ነው። ለማተም የሚያስፈልገው ክፍል ከጠቅላላው ጥቂቱ ነው። የቀረው የቀለም መደብር፣ አካውንት፣ ማስታወቂያ፣ የአጠቃቀም መረጃ ሰብሳቢና "አዲስ ማሻሻያ አለ" ባይ ነው። ለመንዳት የቀጠርነው ሾፌር ጓሮ ውስጥ ሱቅ ከፈተ ማለት ነው።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል

እስከዚህ ያወራነው ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ቤታችን በር ነው።

በዊንዶውስ ላይ የሕትመት ሥራዎችን በተራ የሚያስተናግደው ፕሪንት ስፑለር የተባለ አገልግሎት አለ። ይህ አገልግሎት የሚሠራው በኮምፒውተሩ ላይ ባለው ከፍተኛ ሥልጣን ነው። ድራይቨር ሲጫን የሚገባው እዚህ አካባቢ ነው። እንግዲህ የማናውቀው ሰው የጻፈውን ኮድ፣ ወረቀት ለማተም ብለን የቤቱን ዋና ቁልፍ ሰጥተን እናስገባዋለን።

በ2010 የተገኘው ስታክስኔት፣ የኢራንን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ያጠቃው ቫይረስ፣ ከተዛመተባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይኸው ስፑለር ነበር።

በ2021 ክረምት ደግሞ ሁለት ነገር ተከታትሎ ወጣ። የመጀመሪያው ፕሪንትናይትሜር ተባለ፤ የፕሪንተር ቅዠት ማለት ነው። የስፑለሩን የድራይቨር መጫኛ መንገድ ተጠቅሞ አጥቂ ሙሉ ሥልጣን የሚይዝበት ቀዳዳ ነበር። ማይክሮሶፍት የወሩን መደበኛ ማሻሻያ ሳይጠብቅ አስቸኳይ ማስተካከያ አወጣ። ቆየት ብሎም ድራይቨር መጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ እንዲጠይቅ አደረገ። የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ተቋም በማያትሙ ዋና ዋና ሰርቨሮች ላይ ስፑለሩ ጨርሶ እንዲዘጋ መከረ።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርማል። ሴንቲኔልዋን የተባለ የደህንነት ኩባንያ በኤች.ፒ፣ በሳምሰንግና በዜሮክስ ፕሪንተሮች ድራይቨር ውስጥ ያለ ቀዳዳ ይፋ አደረገ። ቀዳዳው ከ2005 ጀምሮ እዚያው ነበር። 16 ዓመት! ፋይሉ ተጠቃሚው ሳያውቅ ይጫናል፤ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ይነሳል። ተራ ተጠቃሚ መስሎ የገባ አጥቂ በእሱ በኩል የሥርዓቱን ከፍተኛ ሥልጣን ሊይዝ ይችል ነበር። ኩባንያዎቹ ማስተካከያ አውጥተዋል። ነገር ግን ስንት ሰው ነው የፕሪንተሩን ድራይቨር የሚያድስ? አንዴ ማተም ከጀመረ በኋላ ማን ይነካዋል?

አበው "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ይላሉ። የቀለም ማስታወቂያ ለማሳየት የተቀደደ አጥር ለሌባም ያገለግላል። የድራይቨር መወፈር ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ኮድ በበዛ ቁጥር ቀዳዳ ይበዛል፤ ሥልጣን በበዛ ቁጥር ጉዳቱ ይከብዳል።

ስልኩ እንቢ ሲል

ታዲያ መውጫ የለውም? አለ፤ እየወጣንም ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰዎች አይፒፒ የተባለ የጋራ የሕትመት ቋንቋ አዘጋጁ። በ1999 ማይክል ስዊት የተባለ ፕሮግራመር በዚያ ቋንቋ ላይ የተመሠረተ ከፕስ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አወጣ። አፕል በ2002 ለማክ ኮምፒውተሮቹ ወሰደው። ሊኑክስም እሱን ይጠቀማል። ቋንቋው ነበረ፤ አምራቾቹን ግን ማንም አላስገደዳቸውም። ለእያንዳንዱ ሞዴል የየራሱን ሾፌር መሸጥ ይሻላቸው ነበር።

ያስገደዳቸው ስልክ ነው። አይፎን ላይ የፕሪንተር ድራይቨር መጫን አይቻልም። አፕል በ2010 መጨረሻ ኤርፕሪንትን ሲያወጣ አቋሙ ቀላል ነበር፦ ከስልኬ ማተም የምትፈልጉ የጋራውን ቋንቋ ፕሪንተራችሁ ውስጥ ክተቱ። ለዓመታት "አይቻልም" ሲሉ የነበሩት ቻሉ። በ2013 ካኖን፣ ኤች.ፒ፣ ሳምሰንግና ዜሮክስ ሞፕሪያ የተባለ ኅብረት መሥርተው ለአንድሮይድም ተመሳሳዩን አደረጉ። ጭንቅላት ወደ ፕሪንተሩ ተመለሰ፤ ቺፕ ረክሶ ስለነበር ዋጋውም አልከበደም።

በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ ማይክሮሶፍት የአምራቾችን የፕሪንተር ድራይቨር በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ማስተናገዱን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆምና ወደ ጋራው ቋንቋ እንደሚሄድ አስታወቀ።

ልብ በሉ። ይህ ለውጥ የመጣው አምራቹ ስለራራልን አይደለም። በሩ ላይ የቆመ አንድ ጠንካራ አካል "ሾፌርህን ይዘህ አትገባም" ስላለው ነው። እርግጥ ያ አካልም ራሱ ትልቅ ኩባንያ ነው፤ የራሱ ጥቅም አለው። የጋራው ቋንቋ ደግሞ የካርትሪጁን ቺፕ አይፈታም። አካውንት ካልከፈትክ፣ ኢንተርኔት ካላገናኘህ አላትምም የሚሉ ፕሪንተሮችም መጥተዋል። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላ መስኮት ይፈለጋል። ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ገዢ ሁኔታ ሲያስቀምጥ ሻጭ ይታዘዛል።

እኛስ?

የእኛ አገር ትልቁ የፕሪንተር ገዢ መንግሥት ነው። ሚኒስቴሩ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ወረዳው። የጨረታ ሰነዱ ላይ በደቂቃ ስንት ገጽ፣ ስንት ወረቀት ይይዛል የሚል ይጻፋል። "ያለ አምራቹ ድራይቨር በጋራው ቋንቋ ያትማል፣ ያለ አካውንትና ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ የተሞላ ቶነር አይከለክልም" የሚሉ ሦስት መስመሮች ቢጨመሩ ምንም ወጪ የላቸውም። ዊንዶውስ በተቀየረ ቁጥር ወደ ግምጃ ቤት የሚገባው ማሽን ቁጥር ግን ይቀንሳል። የውጭ ምንዛሪ እየተለመነ የሚገባ ዕቃ ሶፍትዌር ስላጣ ብቻ መጣል የለበትም።

ለግላችሁ የምትገዙም ካላችሁ፦

ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ሳትከፍሉ ከስልካችሁ አንድ ገጽ አትሙበት። ምንም ሳትጭኑ ካተመ የጋራውን ቋንቋ ያውቃል። በካርቶኑ ላይ የኤርፕሪንት ወይም የሞፕሪያ ምልክት ፈልጉ።

ቤት ስትወስዱት ሲዲውን ወይም "ሙሉውን ሶፍትዌር" አትንኩ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ እንዲያገኘው አድርጉ። ካልሆነ ከአምራቹ ገጽ "መሠረታዊ ድራይቨር" የሚለውን ብቻ አውርዱ፤ ብዙ ጊዜ ከታች ተደብቆ ይገኛል።

መረጃ እንሰብስብ ሲላችሁ እንቢ በሉ። ለማተም ስማችሁን ማወቅ አያስፈልገውም።

አሮጌ ነገር ግን የጋራ ቋንቋ የሚያውቅ ሌዘር ፕሪንተር ካላችሁ ደግሞ አትሽጡት።

በማግሥቱ ወደዚያች ሱቅ ተመልሼ ነበር። ልጅቷ ከአምራቹ ገጽ ግርጌ መሠረታዊውን ድራይቨር አግኝታ፣ የተጫነውን ጓዝ ሁሉ አጥፍታዋለች። ፕሪንተሩ ያትማል። "ትናንት ይህን ባውቅ ኖሮ አባባን ያን ያህል አላስጨንቃቸውም ነበር" አለችኝ።

እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋው፣ ሁለት ገጽ ለማተም የመጣን ሰው ገበያ ያደረገው አሠራር ነው። ያ አሠራር የሚቀጥለው እኛ ዝም ብለን "እሺ"፣ "እሺ"፣ "ቀጥል" እየተጫንን እስካሳለፍነው ድረስ ነው።

ሾፌር ይንዳ። የቤቱን ቁልፍ ግን ለባለቤቱ ይመልስ።

ቸር እንሰንብት።